ሐሳብም መቀመጫ ይፈልጋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ልማድ ለተላኩልን ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ስምም አላወጣንም። ሰዓቱ ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ የጥናቶቹ ዓመት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ እህል እነግዳለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጋደም እላለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የዕቁቡ፣ የዱቤው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያመሻል። 12 ሰዓት ሲል መነሳት ግድ ነው። ቡና የምጠጣው ሁለቴ ነው፤ ጠዋትና ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር። ያለ ክኒን መላ ይኖረው ይሆን? (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አለው እህታችን። ለቆየ የእንቅልፍ እጦት በመጀመሪያ የሚመከረውም ክኒን ሳይሆን የአተኛኘት ልማድን ማስተካከል ነው። ከቡናው እንጀምር፤ እሱ ይቀላል።

ነቅተን በዋልን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ «በቃህ፣ ተኛ» ይላል። ካፌይን የሚያደርገው የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ መያዝ ነው። ድካሙ እንዳለ አለ፤ መልእክቱ ነው የማይደርሰው። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ያስሉት፤ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ከተነሱ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮዎት አለ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም ሩቡ። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ከመኝታቸው 6 ሰዓት ቀደም ብለው 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከ1 ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንዳጡ አሳይቷል፤ ያን ያህል ማጣታቸውን ግን እነሱ ራሳቸው አላስተዋሉትም። «እኔን ቡና አይነካኝም» የሚል ሰው ባለበት ቤት ይህን ጮክ ብሎ ማንበብ ሳይጠቅም አይቀርም።

የቡና ሥርዓቱን ግን አይተዉት። ከጎረቤት ጋር መቀመጡ ራሱ ለአእምሮ መድኃኒት ነው። ቡናውን ወደ 7 ወይም 8 ሰዓት ማምጣት ካልተቻለ፣ 11 ሰዓት ላይ ለእርስዎ ብቻ ጦስኝ ይፈላልዎ። ጥቁር ሻይም ካፌይን ስላለው መተኪያ አይሆንም።

አሁን ወደ አልጋው። በነገሩን መሠረት አልጋ ላይ 9 ሰዓት ይቆያሉ፤ የሚተኙት 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ 4 ሰዓት ሙሉ አልጋዎ የሒሳብ መዝጊያ ቢሮ ነው ማለት ነው። አእምሮ ደግሞ ቦታን ከሥራ ጋር ማያያዝ ይወዳል፤ ትራሱን ሲነኩ «ዱቤውን እንቁጠር» ማለትን ተምሯል። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1972 ያቀረበው ዘዴ ይህን ትምህርት የሚያስረሳ ነው። አልጋ ላይ የሚወጡት እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ድካም ሳይሆን እንቅልፍ፣ ማለትም ዓይን ሲከደንና አንገት ሲወድቅ። 20 ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልዎት (ሰዓት አይዩ፤ በግምት) ካልተኙ ይነሱ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ሌላ ክፍል አያስፈልግም፤ አልጋው አጠገብ አንድ በርጩማና ጋቢ ይበቃል። በደብዛዛ ብርሃን ምስር እየለቀሙም ቢሆን ይቀመጡ፤ ስልክ ግን አይክፈቱ። እንቅልፉ ሲመለስ ይመለሱ። በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ቢነሱም ዘዴው እየሠራ ነው።

ከዚህ ጋር አልጋ ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ ያሳጥሩ። ለሰሚው ግራ ነው፤ ግን በደንብ ከሚሠሩት አንዱ ይኸው ነው። ለ1 ሳምንት በየጠዋቱ ስንት ሰዓት እንደተኙ በግምት ይጻፉ። አማካዩ 5 ሰዓት ከሆነ 30 ደቂቃ ይጨምሩበትና አልጋ ላይ የሚቆዩት 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሁን። መነሻዎ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ መተኛዎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ በፊት አይጋደሙ፤ ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ማንጎላጀት እንደ መተኛት ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አልጋ ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ 85 በመቶውን (4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ) ለ1 ሳምንት ከተኙ፣ መተኛዎን በ15 ደቂቃ ያስቀድሙ። በየሳምንቱ እንዲሁ። መነሻ ሰዓቱ ግን እሑድም፣ በዓልም፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ቢያድሩም አይነቃነቅም።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ቀን ላይ እንቅልፍ ያዳፋዎታል። ለዚህ ነው ሹፌር፣ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል ሕመም ያለበትና ከልክ ያለፈ የመነቃቃት ሕመም ያየው ሰው ያለ ሐኪም ይህን ሁለተኛውን ክፍል እንዲሞክር የማንመክረው። አረቄ እንቅልፍ ያመጣል የሚለውንም አይስሙ፤ ቶሎ ያስተኛና ሌሊቱን ሲቆራርጠው ያነጋል።

የሚዞረው ሐሳብስ? ከመኝታ 1 ሰዓት ቀደም ብለው 5 ደቂቃ ይጻፉ። በ2018 በታተመ ሙከራ የሚቀጥሉትን ቀናት ሥራዎቻቸውን ለ5 ደቂቃ የጻፉ ወጣቶች፣ የጨረሱትን ሥራ ከጻፉት በ9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። ሥራውን ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥኖላቸዋል። ስለዚህ «ዱቤ» ብለው አይጻፉ። «ማክሰኞ 3 ሰዓት፣ ወፍጮ ቤት ያሉት ሴትዮ ጋ ሄጄ የ2 ኩንታሉን ግማሽ እንዲከፍሉ እጠይቃለሁ፤ ካጡ እስከ ዓርብ እሰጣለሁ» ብለው ይጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ «እምቢ ካሉስ» የሚለው ሳይቀር። አእምሮ ያላለቀ ነገርን የሚያመላልሰው እንዳይጠፋበት ነው፤ መቼና የት እንደሚያልቅ የተያዘለትን ነገር ይለቀዋል። ደብተሩ ወጥ ቤት ይደር እንጂ ትራስ ሥር አይግባ።

ያንኮራፋሉ፣ ትንፋሽዎ ተቋርጦ ይነቃሉ፣ ወይም ከ6 ሳምንት በኋላም ለውጥ ከሌለ፣ ሐኪም ጋ መሄድ አለ።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን ይፈልጠኛል፤ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኛል። እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይተወኛል። ረኃብ እንዳልል ረኃቡማ እስከ ፋሲካ አለ። (የቢሮ ሠራተኛ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ደብዳቤዎ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። በአንደኛው ሳምንት መጥቶ በሁለተኛው የሚሄድ ራስ ምታትና ብስጭት በአብዛኛው የቡና ሱስ ነው። ካፌይን የለመደ ሰው ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፤ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ይብስበታል፤ በጠቅላላው ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። ሌላ ጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይደርስ የነበረው ስኒ በጾም 9 ሰዓት ድረስ ሲዘገይ፣ ሰውነት የሚያውቀው መቅረቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

መላው ከጾሙ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ነው። በቀን 3 ስኒ የለመዱ ከሆነ በየ4 ቀኑ አንዳንድ ስኒ ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ ማቆሙ ራስ ምታቱን ወደ ቅበላ ያመጣዋል እንጂ አያስቀረውም። በጾሙ ሰሞን ደግሞ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ የጥማት ራስ ምታት ሲጨመርበት ማንም አይችለውም። ከ9 ሰዓት በኋላ ያመለጠውን ቡና ሁሉ ለማካካስ ሦስቱንም ከደረደሩ የላይኛዋ እህታችን ችግር ይጠብቅዎታል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከሦስት ወር በፊት የዓባይን ድልድይ ስሻገር ልቤ በድንገት መዝለል ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ከንፈሬና ጣቶቼ ደነዘዙ፣ የምሞት መሰለኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ልቤ ታየ፤ ደህና ነህ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። አሁን ድልድዩን መሻገር ትቻለሁ፤ ተሳፋሪ ማዶ ካለኝ አልሄድም እላለሁ። ጫት አልፎ አልፎ እቅማለሁ። ቤተሰብ ለክፎት ነው ይላል። (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ልብህን መታየትህ ትክክል ነው፤ ለዚህ ዓይነት ምልክት የመጀመሪያው በር ሁሌም ሐኪም ቤት ነው። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ልብን ያስመታሉና ካልታዩ ይታዩ። እነሱም ደህና ከሆኑ፣ የገለጽከው ነገር ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ከሚባለው ጋር ይገጥማል።

ሲሆን ምን ይከሰታል? አንበሳ ቢመጣብህ ሰውነትህ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ጡንቻ ይወጠራል። በአንተ ላይ የሆነው አንበሳ ሳይኖር ደወሉ መደወሉ ነው። የከንፈርና የጣት መደንዘዝ ሰውን ክፉኛ ያስፈራል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ሳያስፈልግ በፍጥነት ሲተነፈስ ከደም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል፤ ይህም መደንዘዝና ማዞር ያመጣል። አየር ያጠረህ ይመስልሃል እንጂ እያስተረፍክ ነው። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራው ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ራስን መሳት ደግሞ እዚህ ላይ ብዙም አይከሰትም፤ ሰው ራሱን የሚስተው የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፣ በፍርሃት ጊዜ ግን ግፊቱ ይጨምራል።

ታዲያ ሦስት ወር ያቆየው ምንድን ነው? ድልድዩን መተውህ። ማዶ አልሄድም ባልክ ቁጥር ወዲያው ቀለል ይልሃል፤ አንጎልህም «አየህ፣ ባልሄድ ነው የተረፍኩት» ብሎ ይመዘግባል። ነገ ፍርሃቱ ከድልድዩ ወደ አደባባዩ፣ ከአደባባዩ ወደ ሰፈርህ መንገድ ሊዘልቅ ይችላል።

መመለሻው በደረጃ ነው። ወረቀት ውሰድና ድልድዩን በተመለከተ የሚያስፈሩህን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጠህ ጻፍ። ለምሳሌ፦ ከድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ ውኃውን ማየት 30፤ በእግር 50 ሜትር ገብቶ መቆም 45፤ ከጓደኛ ጋር በእግር ተሻግሮ መመለስ 55፤ ብቻህን በእግር መሻገር 70፤ ባዶ ባጃጅ ይዞ መሻገር 80፤ ተሳፋሪ ጭኖ መሻገር 95። አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በእግር ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይወስዳል። የፍርሃቱ ጣራ እስኪያልፍ ለመቆየት ደርሶ መልስ በቂ ነው።

ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት የምትፈራውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ፤ «መሃል ስደርስ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፤ ይህ የመሆን ዕድሉ 80 በመቶ» ብለህ። ስትመለስ የሆነውን ጻፍ። የሚፈውሰው ይህ ንጽጽር ነው። አንዱ ደረጃ በተለያዩ ቀናት ሦስት አራት ጊዜ ተደግሞ ነጥቡ በግማሽ ሲወርድ ወደ ላይኛው ውጣ። በሳምንት ከ4 ቀን ባታንስ ጥሩ ነው፤ በ15 ቀን አንዴ የሚደረግ ልምምድ ሁልጊዜ ከመጀመሪያ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ያበላሹታል። አንዱ ፍርሃቱ ጣራው ላይ ሳለ ሮጦ መመለስ ነው፤ ያኔ የድሮውን ትምህርት ታጠናክራለህ። ቆም በል፣ የድልድዩን አጥር ተደገፍና ሲወርድ ተመልከተው። ሁለተኛው በስውር መከላከል ነው፤ የውኃ ኮዳ እንደ ክታብ ይዞ መሄድ፣ በየደቂቃው የልብ ምት መቁጠር፣ ጓደኛን ስልክ ላይ አቆይቶ መሻገር። እነዚህ ሲኖሩ አንጎልህ ያዳነኝ ኮዳው ነው ይላል። ሦስተኛው ጫቱ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ በማግስቱም ያደብራል። አንተ ደግሞ አሁን የልብ ምትን እንደ ሞት ጥሪ የምትሰማ ሰው ነህ። ቢያንስ ልምምዱ እስኪያልቅ ተወው።

ትንፋሽ ማዘግየትም ይጠቅማል፤ በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገብተህ 6 ሰከንድ ታስወጣለህ፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ ተለማመደው። ድልድዩ ላይ ግን ፍርሃቱን ለማባረሪያ አትጠቀምበት፤ እሱም ኮዳ ይሆናል። እየነዳህ ከመጣብህ ፍሬቻ አሳይተህ ዳር ያዝ፤ ሲያልፍ ቀጥል።

ለክፎት የሚለውን በተመለከተ ከቤተሰብ ጋር አትከራከር። ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፤ ልምምዱ ግን አይቅር። ከ2 ወር በኋላ ካልተሻለህ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በመድኃኒትም በምክርም በሚገባ የሚታከም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ 4 ዓመት ሆነኝ። አንዱ ልጄ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዐረብ አገር ናቸው። ስልክ ካላነሱ ያልሆነ ነገር ይመጣብኛል፤ አሥር ጊዜ እደውላለሁ። የመንገድና የጸጥታ ወሬ ስሰማ ደግሞ እህል አይበላልኝም። ባለቤቴ አታስብ ትለኛለች። (አባት፣ ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አባታችን፣ እስቲ ለ1 ደቂቃ ጣና ላይ ብቅ የሚል ጉማሬ አያስቡ። መጣ አይደል? ዳንኤል ዌግነር የተባለ ተመራማሪ በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነግሮ፣ በመጣባቸው ቁጥር ደወል እንዲነኩ አደረገ። ደወሉ አላረፈም። በኋላ እንደልባችሁ አስቡ ሲባሉማ፣ መጀመሪያውኑ ካልተከለከሉት ይልቅ አብዝተው አሰቡት። ስለዚህ የእማማ «አታስብ» ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አይሠራም። የሚሠራው «አሁን ሳይሆን በሰዓቱ» ነው።

በየቀኑ ከ10 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል የጭንቀት ሰዓት ይያዙ። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 የሞከሩት ዘዴ ነው። ቦታው አንድ ይሁን፤ በረንዳ ላይ ያለ ወንበር ይሆናል። የሚተኙበት ክፍልና የሚበሉበት ጠረጴዛ ግን አይሆኑም። ቀን ላይ ሐሳቡ ሲመጣ ደረት ኪስ ውስጥ ባለች ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ይጻፉ፤ «ልጅቷ ስልክ» ብለው፤ ከዚያም ወደያዙት ሥራ ይመለሱ። 10 ሰዓት ላይ ወረቀቷን ይዘው ይቀመጡና አንድ በአንድ ይጠይቋት፤ በዚህ ነገር ዛሬ ወይም ነገ በእጄ የማደርገው አለ? ካለ ምን፣ መቼ ብለው ይጻፉ። ከሌለ በላዩ ላይ መስመር አስምረው ለእግዚአብሔር ይተዉት። ብዙዎቹ ሐሳቦች 10 ሰዓት ሲደርስ ጠውልገው ያገኟቸዋል። ጭንቀት የለም ተብሎ መቀመጡ አይቅር፤ 5 ደቂቃም ቢሆን ይቀመጡ፤ አለዚያ አእምሮ ቀጠሮው እንደማይከበር ያውቅና ቀን ላይ መምጣቱን ይቀጥላል።

ተደጋግሞ የሚደረገው ጥሪ የሚያሳርፈው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ጥርጣሬ ግን ያሳድገዋል። ከልጆቹ ጋር ይስማሙ፤ ጠዋት ሲነሱ «ደህና አደርኩ» የምትል አንዲት መልእክት ይላኩ፤ የልብ ጨዋታ ደግሞ እሑድና ረቡዕ ማታ ይሁን። ባልተነሳ ስልክ ላይ ሁለተኛው ሙከራ 2 ሰዓት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ እጅ ይበላል፤ ያን መቻል ነው ልምምዱ። ዜና በቀን ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ፣ ከሚያምኑት አንድ ምንጭ ይበቃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ «ለሁሉም አስተላልፉ» ተብሎ የሚመጣ መልእክት ሳይከፈት ይደር።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቀን 6 ሰዓት አነባለሁ፤ ስልኬ ከጎኔ ነው። ባዮሎጂውን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሳነበው ሁሉም ይገባኛል፣ በማግስቱ ግን ጭንቅላቴ ባዶ ነው። የማስታወስ ችግር ይኖርብኝ ይሆን? (ከዘጌ)

መልስ፦ የለብህም። ያለብህ ማወቅን ከመለየት ጋር ማምታታት ነው። ገበያ ውስጥ ያየኸውን ፊት ለይተህ ስሙ ግን እንደሚጠፋህ ማለት ነው። ደጋግሞ ማንበብ ገጹን ያላምድሃል፤ ፈተናው ግን የሚጠይቅህ ገጹ ሳይኖር ማውጣትን ነው። በ2006 በታተመ ሙከራ ተማሪዎች ሁለት ጽሑፎች አነበቡ፤ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ፤ ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶውን ነበር።

እንዲህ አድርግ። 25 ደቂቃ አንብብ፤ መጽሐፉን ዝጋ፤ በባዶ ወረቀት 10 ደቂቃ ጻፍ። ፎቶሲንተሲስን ካነበብህ ክሎሮፕላስቱን ሣለው፣ ብርሃኑ የት እንደሚገባ፣ ኦክስጅኑ ከውኃው እንደሚወጣ በቀስት አሳይ። ሲጠፋህ መጽሐፉን ቶሎ አትክፈት፤ 1 ደቂቃ ታገል፤ የሚያስተምረው ያ ትግል ነው። ከዚያ ክፈትና የጎደለውን በቀይ እስክርቢቶ ሙላ። በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀንና በ7ኛው ቀን ከባዶ ወረቀት ጀምር፤ ማንበብ ያለብህ ቀይ የበዛበትን ብቻ ነው። 6 ሰዓቱ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ ግን ይበልጥ ያደክማል። ድካሙን የአለመቻል ምልክት አድርገው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው።

ስልኩ አጠገብህ ሳይሆን እናትህ ጋ ይቀመጥ። አንድ መልእክት ለማየት 10 ሰከንድ ይበቃል፤ ሐሳብ ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዞር ኋላ የሚቀር ቁራሽ አለው። ከገጹ ፊት ተቀምጠህ የጓደኛህን ቀልድ እያሰብክ ያለፈው ጊዜ ከ6 ሰዓቱ ላይ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 45 ነው። ለጤናም ለመንፈስም ብዬ ጠዋት በጣና ዳር መራመድ በዓመት ሦስት ጊዜ እጀምራለሁ፤ ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ሰነፍ ነኝ? (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የሚያቆሙት ልማዱ ሥር ሳይሰድ በፊት ነው። በ2009 ይፋ በሆነ የለንደን ጥናት 96 ሰዎች አንድ አዲስ ልማድ ሲያለማምዱ ተከታትለዋቸው፣ ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ በስሌት ግምት እስከ 254 ቀን። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል። ሁለት ሳምንት ገና መግቢያው ነው።

«ጠዋት እራመዳለሁ» የሚለው ቃል ለመያዝ አይመችም። ሳይቀር በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ይሰፉት፤ «ፊቴን ታጥቤ ፎጣውን ስሰቅል ጫማዬን አጠልቃለሁ»። ጫማው ማታ በሩ ሥር ይደር። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት 10 ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ አቅም ቢኖርዎትም አይጨምሩ፤ ሰው የሚተወው በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ሄዶ በማግስቱ ጉልበቱን ሲያመው ነው። ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 30 ላይ ይቁሙ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ የጠዋት ብርሃን ዓይን ሲያገኝ የሰውነት ሰዓት ይስተካከላል፣ ማታም እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል።

በጥናቱ አንድ ቀን መቅረት የልማዱን ሂደት አላበላሸውም። ስለዚህ «አንዴ ከቀረ ቀረ» ማለትን ይተዉ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ እንዳይቀር ብቻ ይጠንቀቁ። ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ ደግሞ ከአሁኑ ይወስኑ፤ «ሲነጋ ዝናብ ካለ በረንዳዬ ላይ 10 ደቂቃ እመላለሳለሁ» ብለው ይጻፉና በሩ ላይ ይለጥፉት። በረንዳው 6 እርምጃ ከሆነም 6 እርምጃ ሄዶ መመለስ ነው፤ ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።